ወደ አፍሮባስኬት ለማለፍ ከጨዋታው ቀን በፊት የሚያልቅ ሥራ፦ ለኢትዮጵያ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን
ግልባጭ፦ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፣ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት፣ ለስፖርቱ ወዳጆች በሙሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለ2029 አፍሮባስኬት (የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና) ማጣሪያ ከወዲሁ ሊጀመር ስለሚገባው ዝግጅት

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በስታዲየም ዙሪያ ባሉ ሜዳዎች ቅርጫት ኳስ የምናሠለጥን፣ የምንዳኝና የጠረጴዛውን ሥራ፣ ማለትም ነጥብና ሰዓት መያዝን፣ የምንሠራ ሰዎች ነን። ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸና የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር የጠቀስናቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1962 የእግር ኳስ ቡድናችን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳ። በዚያው ዓመት የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ካይሮ ነበር። የመጀመሪያውን የአፍሪካ ሻምፒዮና ከተጫወቱት አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ2025 ውድድሩ አንጎላ ላይ በ16 ቡድኖች ሲካሄድ ከእኛ ዞን፣ ማለትም ከዞን አምስት፣ ግብፅ፣ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ደቡብ ሱዳን ተገኝተዋል። እኛ አልተገኘንም። ኡጋንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው በ2015 ነው፤ በ2021 ደግሞ ናይጄሪያን አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ደቡብ ሱዳን በ2021 የመጀመሪያዋን አፍሮባስኬት ተጫወተች፤ በ2023 የዓለም ዋንጫ፣ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ነበረች። ጎረቤቶቻችን የሄዱበት መንገድ ለእኛም ክፍት ነው። መንገዱ ግን ቅደም ተከተል አለው፤ አንዱ ደረጃ ከተዘለለ ቀጣዩ አይገኝም። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እናስረዳለን።

የ2021ና የ2025 ማጣሪያዎች በአንድ ዓይነት መንገድ ተካሂደዋል። 20 ቡድኖች በአምስት ምድብ፣ በየምድቡ አራት አራት ሆነው ይደለደላሉ። የምድቡ አራት ቡድኖች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው በሦስት ቀን ሦስት ጨዋታ ያደርጋሉ። ከወራት በኋላ እንደገና ተሰብስበው ሦስቱን ይደግማሉ። በጠቅላላው ስድስት ጨዋታ ነው። ከየምድቡ ሦስቱ ሲያልፉ 15 ይሆናሉ፤ የቀረው ቦታ በውድድሩ ደንብ ይሞላል። በደረጃቸው ዝቅ ያሉ አገሮች ከ20ዎቹ ለመግባት አስቀድመው ቅድመ ማጣሪያ ይጫወታሉ። ለ2021 የዞናችን ቅድመ ማጣሪያ በጥር 2020 ናይሮቢ ላይ ተደርጎ ኬንያ አሸናፊ ሆነች። ደቡብ ሱዳን እዚያው ወድቃ ነበር። አልጄሪያ ስትቀር ግን በምትኳ ተጠራች፤ ስትጠራም ቡድኗና ሰነዷ ዝግጁ ስለነበሩ ገባች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይታይ። በአራት ቡድን ምድብ ሦስት ያልፋል ማለት አንድ ቡድን ብቻ ይወድቃል ማለት ነው። ሴኔጋልን ወይም አንጎላን ማሸነፍ ግዴታ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ዕጣችን የሚወሰነው በአቅም ከሚቀርበን አንድ ቡድን ጋር በምናደርጋቸው ሁለት ጨዋታዎች ነው። ሁለቱንም ካሸነፍን አልፈናል ማለት ይቻላል። አንድ አንድ ከተሸናነፍን ግን ሒሳብ ይመጣል፤ ብዙ ቡድን የሚወድቀውም ይህን ሒሳብ ሳያውቅ ነው።

በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብ ያሸነፈ 2 ነጥብ፣ የተሸነፈ 1 ነጥብ፣ በፎርፌ የተሸነፈ 0 ያገኛል። ሁለት ቡድኖች በነጥብ እኩል ሆነው እርስ በርስም አንድ አንድ ከተሸናነፉ በመጀመሪያ የሚታየው እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ የነጥብ ልዩነት ነው። በመጀመሪያው ዙር 72 ለ64 አሸንፈናል እንበል፤ 8 ነጥብ ይዘናል። በሁለተኛው ዙር በ7 ብንሸነፍ እናልፋለን። በ9 ብንሸነፍ እንወድቃለን። በ8 ብንሸነፍስ? የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት እኩል ሲሆን እርስ በርስ ያገቡት ነጥብ ድምርም እኩል መሆኑ አይቀርም፤ 72 ለ64 እና 60 ለ68 ሲደመሩ ለሁለቱም 132 ነው። ያኔ የምድቡ ጨዋታ ሁሉ ልዩነት ይቆጠራል። ከጠንካራው ቡድን ጋር “ጨዋታው አልቋል” ተብሎ በአራተኛው ሩብ በከንቱ የተለቀቁት 15 ነጥቦች ያን ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉ።

ስለዚህ በሰዓቱ ላይ 12 ሰከንድ ቀርቶ በ7 እየተመራ ያለ ቡድን ፋውል ሠርቶ ሰዓት ለማስቆም ከሞከረ፣ ሁለት የቅጣት ኳስ ሰጥቶ ልዩነቱን 9 ሊያደርሰው ይችላል። በዚያች ቅጽበት ትክክለኛው ሥራ እጅን ሰብስቦ መከላከል ነው። በ6 እየመራ ኳስ የያዘ ቡድን ደግሞ ተቃዋሚን ላለማሳፈር ብሎ ኳስ እያነጠረ ሰዓት መጨረስ የለበትም፤ አጥቅቶ ማግባት አለበት። ይህ በእኛ ሜዳ እንደ ነውር የሚታይ ነገር ነው፤ በማጣሪያ ግን ግዴታ ነው። አሰልጣኙ ወንበር ላይ የመጀመሪያው ዙር ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። ተጫዋቾቹም ቁጥሩን በቃል ይወቁት።

የፎርፌው ነገር ቀላል ይመስላል። ጨዋታው ሊጀመር ከተቀጠረበት ሰዓት 15 ደቂቃ አልፎ ለመጫወት የተዘጋጁ አምስት ተጫዋቾች ማሰለፍ ያልቻለ ቡድን 20 ለ0 ይሸነፋል፤ ነጥቡም 0 ነው። በእኛ አቆጣጠር ለሚኖር ልዑክ አደጋው እውነተኛ ነው። የፕሮግራሙ 15:00 ለእኛ 9 ሰዓት ነው፤ ያውም የአዘጋጁ አገር ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ከሆነ። ሉዋንዳ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ትዘገያለች። ቡድን መሪው ፕሮግራሙን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ በየክፍሉ በር ላይ ይለጥፈው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ እሱም ሰነድ ነው። ለብሔራዊ ቡድን የሚጫወት ሰው የአገሩ ሕጋዊ ዜጋ መሆን አለበት፤ ማስረጃውም ፓስፖርት ነው። ከዚህ በላይ ፊባ የሚጠይቀው የ16 ዓመት መስመር አለ። 16 ዓመት ከሞላው በኋላ ዜግነት ያገኘ ተጫዋች በአንድ ቡድን ውስጥ ከአንድ በላይ መሰለፍ አይችልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ በትውልድ የዜግነት መብት ቢኖረውም፣ መብቱን ከ16 ዓመቱ በኋላ ከጠየቀ እንደዚሁ ይቆጠራል። አያቱ ጎንደር፣ እናቱ ካዛንቺስ ብትወለድም ፓስፖርቱ በ17 ዓመቱ ከወጣ የዚያችን አንዷን ቦታ ይይዛል። በተጨማሪም 17 ዓመት ከሞላው በኋላ ለሌላ አገር በፊባ ይፋዊ ውድድር የተሰለፈ ያለ ፊባ ልዩ ፈቃድ ለእኛ መጫወት አይችልም።

በዚህ ላይ የራሳችን ሕግ ይደረባል። ኡጋንዳ ከ2009፣ ኬንያ ከ2010 ጀምሮ ጥምር ዜግነትን ፈቅደዋል። የእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን አይፈቅድም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው ቢጫ ካርድ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ለሆነ የውጭ ዜጋ ብዙ መብት ይሰጣል፤ ዜግነት ግን አይደለም፤ ፊባ ዘንድም አያጫውትም። “ዋሽንግተንና ሚኒያፖሊስ ካሉት ልጆች አምስቱን ብናመጣ” የሚለው ሐሳብ በየሜዳው ይነሳል። የሚያነሱትን ሰዎች ፍቅር እናከብራለን፤ ሐሳቡ ግን ሕጉ እስካለ ድረስ አይሠራም። ሕግ ማሻሻል የምክር ቤት ሥራ ስለሆነ ፌዴሬሽኑን በዚህ አንጠይቅም።

የምንጠይቀው ሕጉ ክፍት ያደረገው በር እንዲታይ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ በአዋጁ መሠረት 18 ዓመት ሞልቶት አንድ ዓመት እስኪያልፍ ድረስ የመምረጫ ጊዜ አለው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ እንደተወው ይቆጠራል። ሁለተኛው ደግሞ በጣም የተረሳው ክፍል ነው፦ ውጭ አገር የሚማሩና በመኖሪያ ፈቃድ ወይም በግሪን ካርድ የሚኖሩ፣ ዜግነታቸውን ግን ያልቀየሩ ወጣቶች። እነዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አላቸው፤ ምንም ክርክር የለባቸውም። ወላጅ የአሜሪካን ዜግነት ሲወስድ አብሮት የሚኖርና ግሪን ካርድ ያለው፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አብሮ ዜጋ ስለሚሆን ግን ይህ በር በየቤቱ በየጊዜው ይዘጋል። ፌዴሬሽኑ በኤምባሲዎችና በማኅበረሰብ ማኅበራት በኩል የእነዚህን ልጆች ስም፣ የልደት ቀን፣ ቁመት፣ የሚጫወቱበትን ቦታና የፓስፖርታቸውን የተሰጠበት ቀን የያዘ መዝገብ ዛሬ ቢጀምር ወጪው የአንድ ሠራተኛ ደመወዝና ስልክ ነው።

አገር ውስጥ ያሉትም ሰነድ አያስቸግራቸውም ማለት አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ለዋናው ቡድን የሚደርሱት ተጫዋቾች ከዚያ በፊት ስለተወለዱ የልደት ሰርተፊኬታቸው ዘግይቶ የወጣ ነው። በትምህርት ቤት ካርድ ላይ አንድ ቀን፣ በሰርተፊኬቱ ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሦስተኛ ቀን ይገኛል። የአብዛኛው ስህተት ምንጭ ቀን መለወጥ ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያኑ ጥር 3 ቀን 2005 ነው የተወለደው። ጸሐፊው እንደ ልማድ 7 ዓመት ብቻ ከደመረ 2004 ይሆንና ልጁ በአንድ ዓመት ያረጃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 እንደሚደመር የሚያውቅ ሰው መዝገቡን ይያዘው። ያ አንድ ዓመት የ16 ዓመቱን መስመር ያሻግራል፤ ከ16 እና ከ18 ዓመት በታች ውድድሮችም ልጁን ያስወጣዋል።

ስምም እንዲሁ ነው። “ፀጋዬ” በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ የአያት ስም አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ ይቀራል። በፊባ መዝገብ የሚገባው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ፋይዳ መታወቂያውም ከፓስፖርቱ ጋር ይስተካከል። ይህ ሥራ ለ30 ተጫዋች ተረጋግቶ ከተሠራ የጥቂት ሳምንታት ጉዳይ ነው፤ ለጉዞ አራት ቀን ሲቀር ከተጀመረ ግን ጥሩውን ተጫዋች አዲስ አበባ ያስቀረዋል።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። 12 ተጫዋች፣ 3 አሰልጣኝ፣ ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና ቡድን መሪ 18 ሰው ነው። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ለመጫወት ማክሰኞ ደርሶ ሰኞ መመለስ ስድስት ሌሊት ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ቢያድሩ 54 የክፍል ሌሊት ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው የበጀት ዓመቱ ነው። ለ2025 ውድድር የኅዳርና የየካቲት የማጣሪያ ዙሮች ሁለቱም በእኛ 2017 በጀት ዓመት ውስጥ ወደቁ። ስለዚህ ለሁለት ጉዞ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 1 ቀን በሚጀምር አንድ በጀት ውስጥ ቀድሞ መያዝ አለበት። አንዱን ዙር ተጫውቶ ለሁለተኛው ገንዘብ ያጣ ቡድን የመጀመሪያውንም ድካም ያጣል።

ከሜዳ በኩል ሁለት ነገር ብቻ እንጠቅሳለን። አንደኛው ሰዓት ነው። የማጥቂያ ጊዜ 24 ሰከንድ ነው፤ ኳሱ የቅርጫቱን ብረት ነክቶ አጥቂው ቡድን ሪባውንዱን (ተመልሶ የመጣውን ኳስ) ሲወስድ ሰዓቱ 14 ላይ ይደረጋል። በቦርዱ አናት ላይ የሚታይ ሰዓት በሌለበት ሜዳ የሚለማመድ ቡድን ስንት ሰከንድ እንደቀረው በስሜት አያውቅም። ኳሱን ለማሻገር ከተፈቀደለት 8 ሰከንድ ሰባቱን ይበላል፤ ጨዋታ ሲያዘጋጅ 10 ያልፋል፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ከ8 ሜትር ይወረውራል። ይህ በአንድ ጨዋታ ዐሥር ጊዜ ከደረሰ ዐሥር ጥቃት ባክኗል። ሰዓቱ ከአገር አቀፍ ውድድር እስከ ልምምድ በየሜዳው መሰቀል አለበት፤ እስኪገዛ ድረስ አንድ ሰው መስመር ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ይቁጠር።

ሁለተኛው ኳሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ነው። እዚህ በመለኪያ 8 ፒኤስአይ የተነፋ ኳስ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ሲወርድ መለኪያው ከ5 በታች ያነባል፤ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ነው። ኳሱ ይለሰልሳል፣ ንጥረቱ ይወርዳል፣ ተጫዋቹም “እጄ ጠፋ” ይላል። የራሳችንን ኳስ ይዘን ስንሄድ መንፊያና መለኪያ አብሮ ይሂድ፤ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት እንደገና ይነፋ። ትንፋሽ ግን ችግራችን አይሆንም። ችግር የሚሆነው የባሕር ዳርቻው ሙቀትና ወበቅ፣ የጨዋታውም መደራረብ ነው። አንድ ጨዋታ 200 የተጫዋች ደቂቃ አለው። በሰባት ሰው ከተጫወትን ለእያንዳንዱ ከ28 ደቂቃ በላይ ይደርሳል፤ እሑድ ላይ እግር የለም። በ10 ሰው ከተጫወትን 20 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውና ዐሥረኛው ተጫዋች የሚመረጡት እንደ አምስቱ ቋሚዎች ተጠንቅቆ ነው። ያቺ ሦስተኛ ቀን ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከእኩያችን ጋር ናት።

ኬንያን እንይ። በ2019 ባማኮ ላይ በተደረገው አፍሮካን፣ በአፍሪካ ውስጥ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በተዘጋጀው ውድድር፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ ተሸንፋ ሁለተኛ ሆነች። በቀጣዩ ጥር ቅድመ ማጣሪያውን አለፈች። በየካቲት 2021 ያውንዴ ላይ አንጎላን 74 ለ73 አሸነፈች፤ ከ1993 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜም ወደ አፍሮባስኬት ገባች። አፍሮካን የውጭ አገር ዜግነት ክርክር የማይነካው፣ አገር ውስጥ ባለ ተጫዋች የሚገባበት በር ነው። ለእኛ በትክክል የሚስማማ እሱ ነው፤ እያንዳንዱ የአፍሮካን ማጣሪያ ላይ እንድንመዘገብ እንለምናለን። የፊባ ደረጃ የሚሰላው በተደረጉ ጨዋታዎች ስለሆነ፣ ያልተጫወተ አገር ደረጃ ያጣል፤ ደረጃ ያጣ ከቅድመ ማጣሪያ ይጀምራል፤ በዕጣም ከባዱ ይደርሰዋል። ለ2027 ዓለም ዋንጫ በአፍሪካ ማጣሪያ የገቡትም በአፍሮባስኬት የነበሩት 16ቱ ናቸው። አንዴ መቅረት ለዓመታት ያለ ጨዋታ ያስቀምጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አቢጃን ላለው የፊባ አፍሪካ ቢሮ የሚላኩ የምዝገባ ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፈው፣ ከእያንዳንዱ ጎን ኃላፊው የሥራ መደብ ተጠቅሶ፣ እስከ 2029 ያለው መርሐ ግብር ለሕዝብ ይውጣ። ለዋናው፣ ከ18 እና ከ16 ዓመት በታች ላሉት እጩዎች የሰነድ ምርመራ በዚህ ዓመት ይጀመር፤ ለዚህም ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት አንድ ተጠሪ ይመደብልን። በመሃል ከተማ ካሉት የቤት ውስጥ ሜዳዎች አንዱ 28 በ15 ሜትር ልኬቱ፣ የ6.75 ሜትር መስመሩና የ24 ሰከንድ ሰዓቱ ተሟልቶ ለብሔራዊ ቡድኑ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ምሽት ይያዝ።

የጠረጴዛ ሥራ ለማሠልጠን፣ የተጫዋቾችን ቀን ለመለወጥና መዝገቡን ለመሙላት እኛ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን። ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ፣ በምትሉን ቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በስታዲየም አካባቢ የምንሠራ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች፣ ዳኞችና የጠረጴዛ ዳኞች